«አውርደህ ጫን»፦ በጨርቅ አምሳያ ሶፍትዌር ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

በደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር አለ። የስሙ አሠራር ለቃላት ተመልካች ጥቂት የማይባል ትምህርት ይሰጣል። «የቧንቧ ውሃ» ስንል በቧንቧ መጥቶ የሚቀዳውን ውሃ ማለታችን ነው፤ «ቧንቧ ውሃ» ስንል ግን አገናዛቢዋ «የ» ወድቃ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ይቆሙና ሰፈሩን ይጠራሉ። እንዲህ ያለውን ስም የሚያወጣው ጉባኤ ሳይሆን የተናጋሪው አፍ ነው። ስሙም የሚጸናው ሰዎች በዕለት ኑሯቸው ከሚያዩትና ከሚዳስሱት ነገር ስለሚነሣ ነው። የሙያ ቃላትን ስንመረምር ይህን መለኪያ ልንጠቀምበት ይገባል። አንድ ዐዲስ ቃል ሲቀርብልን «ቃሉ ያማረ ነውን?» ከማለታችን በፊት፣ «ድርጊቱ በእውነት ከሚፈጸምበት ሙያ የተነሣ ነውን?» ብለን መጠየቅ አለብን።

የዛሬው ሂሳችን የሚያተኩረው በሶፍትዌር አማርኛ ላይ ነው። ይኸውም አንድን ሶፍትዌር ከሚገኝበት ስፍራ ስለ ማምጣት፣ በኮምፒዩተር ላይ ስለ ማዋቀርና በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ስለ መጥቀስ የምንናገርባቸው ቃላት ናቸው። ነገሩን በባዶ እንዳንናገር አንድ የተወሰነ ሶፍትዌር መርጠናል፤ እርሱም ቴክስጄን የሚባለው የጨርቅን አሠራር በአምሳያ የሚያሳይ ክፍት ሶፍትዌር ነው። የመረጥነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከደሴ ተነሥቶ ሐረጎን የሚወርድ መንገደኛ የሚደርስበት የኮምቦልቻ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሥራና የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ጎን ለጎን የሚገኙበት ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና የሚሰጥበት የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በዚያው ይገኛሉ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም በክልሉ ሌላው የሙያው ቤት ነው። በእነዚህ ቤቶች የሚማር ወጣት አንድ እግሩ በሸማኔው ቋንቋ፣ አንድ እግሩ በኮምፒዩተር ቋንቋ ላይ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገናኙ የሚፈጠረው ግጭት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

2. ሶፍትዌሩ ምን ይሠራል?

ቴክስጄን በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ ነው። ሶፍትዌሩ ጨርቅ አይሸምንም፤ የተሸመነ ጨርቅ በውስጡ ምን ቅርጽ እንዳለው በሦስት አቅጣጫ ያሳያል። ተጠቃሚው የድሩን ብዛትና የማጉን ብዛት፣ በክሮች መካከል ያለውን ርቀት፣ የክሩን ስፋትና የጨርቁን ውፍረት በቁጥር ያስገባል። ቀጥሎ ድርና ማግ በሚገናኙበት በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሚያልፍ ያመለክታል። ሶፍትዌሩም የእያንዳንዱን ክር መንገድ በነጥቦች ይይዛል፤ ነጥቦቹን በለሰለሰ መስመር ያገናኛል፤ ለክሩ የቁርጥ ገጽ ቅርጽ ይሰጣል፤ ሥርዐቱ በየስንት ርቀት እንደሚደገም ይወስናል። በዚህ መንገድ የተገኘው አምሳያ የጨርቁን ጥንካሬና ሌላውን ጠባዩን ለሚያሰሉ ሶፍትዌሮች ይተላለፋል።

በኮምቦልቻም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚኖር አንድ ሸማኔ ይህን ቢመለከት ሥራውን የሚያውቀው ይመስለናል። እርሱም ማጉን ከማሳለፉ በፊት የትኛው ድር እንደሚነሣና የትኛው እንደሚቀር ማሰብ አለበት። ስለዚህ የሶፍትዌሩ ዋና ዋና ቃላት በአማርኛ ከሞላ ጎደል ተዘጋጅተው ይጠብቁናል። ድር፣ ማግ፣ ክር፣ ፈትል፣ ሽመና የሚባሉትን ቃላት ከግእዝ ጓዳ ፈልገን ማውጣት ወይም ከባሕር ማዶ መዋስ አያስፈልገንም። ችግሩ የሚጀምረው የሸማኔው ቃላት ካለቁበት፣ የኮምፒዩተሩ ቃላት ከጀመሩበት ላይ ነው።

3. የመፈተኛ ምንባብ

ቃላትን በተናጠል መንቀፍ ቀላል ነው፤ ፈተናው በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ ነው። ስለዚህ ዛሬ በአማርኛ የኮምፒዩተርና የስልክ ገጽታዎች ላይ የተለመዱትን ቃላት ብቻ በመጠቀም አጭር መመሪያ ራሳችን ጽፈን አቅርበናል፦

«ቴክስጄንን ለመጠቀም መጀመሪያ ከድሩ አውርድ። ቀጥሎ ጫነው፤ ካልሠራ ዳግም ጫን። ሶፍትዌሩ ነጻ ስለሆነ ግዴታ የለብህም። የድሩን ብዛት አስገባና ሞዴሉን አውጣ። በጽሑፍህም ሶፍትዌሩን ጥቀስ።»

በዚህ ምንባብ ውስጥ የሰዋስው ስሕተት የለም፤ ቃላቱም ሁሉ አማርኛ ወይም የለመድናቸው የውሰት ቃላት ናቸው። ይሁን እንጂ ምንባቡን ይዞ ኮምፒዩተር ፊት የሚቀመጥ ተማሪ ቢያንስ በአምስት ስፍራ ይሰናከላል። ስንክሎቹን በየተራ እንመለከታለን።

4. ማውረድና መጫን

«ጫነ» እና «አወረደ» በአማርኛ የጭነት ሥራ ግሶች ናቸው። በአህያም ይሁን በከባድ መኪና፣ ዕቃ መጀመሪያ ይጫናል፤ ከደረሰበት ቦታ ይወርዳል። ደረቅ ወደብ ባለባትና የጭነት መኪና በሚመላለስባት በኮምቦልቻ «አውርደህ ጫን» የሚል ትእዛዝ የሰማ የጉልበት ሠራተኛ አንዱን መኪና አራግፎ ሌላውን ይሞላል። ሁለቱ ግሶች ተቃራኒዎች ናቸውና። በኮምፒዩተሩ አማርኛ ግን «ማውረድ» እና «መጫን» ተቃራኒዎች ሳይሆኑ ተከታታይ ሥራዎች ሆነዋል። «መጫን»ን የሚያፈርሰው ድርጊት ደግሞ «ማራገፍ» ተብሏል፤ «ማራገፍ» በጭነት ሥራ «ማውረድ» ማለት ነው። እንግዲህ ከአንድ ሙያ ሦስት ግሶች ተወስደው፣ በሙያው ውስጥ የነበራቸው ዝምድና ፈርሷል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። «ጫን» የሚለው ቃል ዛሬ ቢያንስ ሁለት ልዩ ልዩ ተግባራት ተሸክሟል። አንደኛ፣ ሶፍትዌርን በኮምፒዩተር ላይ አዋቅሮ ለሥራ ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛ፣ አንድን ገጽ ወይም ፋይል ወደ መስኮቱ ማምጣት ነው፤ በመረብ ማሰሻዎች የአማርኛ ገጽታ ላይ «ዳግም ጫን» የሚለው ገጹን እንደገና ማምጣትን ያመለክታል። ከነዚህ ጋራ «ተጫን» የሚለው ተደራጊ መሰል ቅርጽ ቁልፍን በጣት መንካትን ሲያመለክት መደናገሩ ሦስት ይሆናል። ከላይ ባቀረብነው ምንባብ «ካልሠራ ዳግም ጫን» የሚለውን ያነበበ ተማሪ ሶፍትዌሩን ነቅሎ እንደገና ያዋቅር? ገጹን ያድስ? ቁልፉን ደግሞ ይንካ? ምንባቡ አይነግረውም። ቴክስጄን ፓይተን ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋራ ተያይዞ የሚሠራ ስለሆነ፣ የሁለቱ ሥሪቶች ካልተስማሙ ሥራው ሊሰናከል ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ዳግም ጫን» የሚል መመሪያ ከዝምታ አይሻልም።

ታዲያ ምን እንበል? መልሱ ከሐረጎ ግርጌ ይገኛል። ፋብሪካ ሲቋቋም መሣሪያው «ተጫነ» አይባልም፤ «ተተከለ» ይባላል። «የማሽን ተከላ» የሚለው ሐረግ በኢንዱስትሪ አማርኛ የተደላደለ ነው። ተከላ ማለት ዕቃውን አምጥቶ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም፤ በመሠረቱ ላይ ማቆም፣ ከኃይል ምንጭ ጋራ ማገናኘትና ለሥራ ማብቃት ነው። በሶፍትዌር ላይ የሚደረገውም ይኸው ነው። ቃሉ ደግሞ ተቃራኒውን ይዞ መጥቷል፤ የተተከለ ይነቀላል። «ትከል» እና «ንቀል» በሸማ ቤትም፣ በእርሻም፣ በፋብሪካም አንድ ዐይነት ዝምድና ያላቸው ግሶች ናቸው። ስለዚህ በሙያ ጽሑፍ «ተከላ» እና «ነቀላ» እንዲለመዱ እናሳስባለን። «ጫን» ገጽንና ፋይልን ለማምጣት ይቅር።

«ማውረድ»ን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ እናደርጋለን። ቃሉ በስልክ ተጠቃሚው ዘንድ ሥር ሰድዷል፤ ከርቀት ያለ ነገር ወደ እኛ መድረሱን በሚገባ ይገልጻል። የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ይኸውም ተማሪው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ድርጊት ማውረድ አለመሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ንብረት መዘረፉና መውደሙ በይፋ የተነገረ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ዘመን ሶፍትዌር ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ይተላለፋል። ይህን ድርጊት አማርኛ «መቅዳት» ይለዋል። ውሃ ከምንጭ ይቀዳል፤ ጽሑፍም ከጽሑፍ ይቀዳል፤ የተገኘውም «ቅጂ» ይባላል። «ወረደ» እና «ተቀዳ» የሚሉትን ለይቶ መጻፍ የቃል ጌጥ ጉዳይ አይደለም፤ የተቀዳው ቅጂ የትኛው ሥሪት እንደሆነ፣ ከማን እጅ እንደመጣ፣ የፈቃዱ ጽሑፍ አብሮት መኖር አለመኖሩን የሚያስጠይቅ ነው።

5. ድር፣ ፈትል፣ ሞዴል

«ድር» የሸማኔው ቃል ነው፤ ከማግ ጋራ ተጣምሮ የጨርቅን ሁለት አቅጣጫ ይሰይማል። የኮምፒዩተር አማርኛ «ድረ ገጽ» የሚለውን ቃል ያበጀው ከዚሁ ነው። ስያሜው የተዋጣለት ነው፤ ሕዝብ ተቀብሎታል፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን ቃሉ «ገጽ» የሚለውን ጥሎ ብቻውን ሲቆም፣ «ከድሩ አውርድ» እና «የድሩን ብዛት አስገባ» የሚሉት ዐረፍተ ነገሮች በአንድ ምንባብ ውስጥ ይጋጫሉ። በሌላ ሙያ መመሪያ ውስጥ ይህ ግጭት አይሰማም፤ በጨርቃ ጨርቅ መመሪያ ውስጥ ግን ባለቤቱን ከቤቱ ማስወጣት ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ሙያ «ድር» ብቻውን ሲቆም ለሸማኔው ይሁን፤ ለኮምፒዩተሩ ዘወትር «ድረ ገጽ» ወይም «በይነ መረብ» ይባል።

«ፈትል» እና «ክር» የሚሉትንም እንደ አንድ አድርጎ መጠቀም በሙያው ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት ያመጣል። ፈትል በፈተለ ግስ የተገኘ ነው፤ እንዝርትን ወይም መፍተያ መኪናን ያስባል። ጥጥ ይፈተላል። ቴክስጄን ግን ይበልጡን የሚያገለግለው የተዋሐዱ ቁሶችን ለሚያጠኑ ሲሆን፣ በእነዚህ ቁሶች ውስጥ የካርቦን ወይም የመስተዋት ጭረቶች ሳይፈተሉ በጥቅል ይሸመናሉ። ያልተፈተለውን «ፈትል» ማለት ቃሉን ከግሱ መለየት ነው። በእኛ አስተያየት «ክር» ሰፊው ቃል፣ «ፈትል» የተፈተለው ክር መጠሪያ ቢሆኑ ልዩነቱ ይጠበቃል።

«ሞዴል» ሦስተኛው ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍልን የሚያውቅ ሰው «ሞዴል» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው የታተመ ቅጽ ነው፤ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ዕቃ ሲወጣ ሞዴል 22። «ሞዴሉን አውጣ» የሚል ቃል ለንብረት ጠባቂው ቅርብ ነው። ከዚህ ሌላ «ሞዴል አርሶ አደር» ሲባል አርአያ ማለት ነው፤ በልብስ ሥራ ደግሞ የልብስ ዐይነት ወይም ልብሱን ለብሶ የሚያሳይ ሰው ማለት ነው። የጨርቅ ምሕንድስና ተማሪ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ሊሰማ ይችላል። «አምሳያ» ግን አንዱ ነገር ሌላውን መምሰሉን፣ ነገር ግን ራሱን አለመሆኑን በግልጽ ያሳያል። ይህም የሙያውን ጥንቃቄ ይዟል፤ በኮምፒዩተር የተሠራው የጨርቁ አምሳያ እንጂ ጨርቁ አይደለምና። ውጤቱም በእጅ ከተፈተነው ጨርቅ ጋራ መነጻጸር አለበት።

6. ነጻ፣ ክፍት፣ ምንጭ

የመፈተኛው ምንባብ ከሁሉ የከፋው ዐረፍተ ነገር «ሶፍትዌሩ ነጻ ስለሆነ ግዴታ የለብህም» የሚለው ነው። እዚህ ላይ የቃል ስሕተት የሕግ ስሕተት ይሆናል።

ሪቻርድ ስታልማን የነጻ ሶፍትዌር እንቅስቃሴን እ.ኤ.አ. በ1983 ሲጀምር የእንግሊዝኛው ቃል «ያለ ዋጋ» እና «አርነት ያለው» የሚሉትን ሁለት ፍቺዎች በአንድ ላይ ስለሚይዝ እስከ ዛሬ ማብራሪያ ሲያስፈልገው ይኖራል። «ክፍት ምንጭ» የሚለው ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1998 የመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ መደናገር ነበር። አማርኛ ግን ይህን ችግር በአንዲት ፊደል ይፈታዋል። «በነጻ» ያለ ክፍያ ማለት ነው፤ «ነጻ» ከሰው ቁጥጥር ውጭ የሆነ ማለት ነው። «በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር» እና «ነጻ ሶፍትዌር» ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ለተጠቃሚው ክፍያ ሳይጠየቅበት የሚሰጥ ነገር ግን ምንጩ የተዘጋ ሶፍትዌር የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው አይደለም። ቋንቋችን የሰጠንን ይህን ልዩነት በቸልታ መደምሰስ የለብንም።

ቴክስጄን የሚሰራጨው በጂኤንዩ አጠቃላይ የሕዝብ ፈቃድ ነው፤ የዚህ ፈቃድ የመጀመሪያው ሥሪት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ፈቃዱ ለማንኛውም ሰው ሶፍትዌሩን የመጠቀም፣ ምንጩን የመመርመር፣ የማሻሻልና ቅጂውን ለሌላ የማካፈል መብት ይሰጣል። ስለዚህ ፍላሹን ለጓደኛው የሚያውሰው የኮምቦልቻ ተማሪ ሌባ አይደለም፤ ፈቃዱ የሰጠውን መብት ይጠቀማል። ግዴታው ሌላ ነው። ሶፍትዌሩን አሻሽሎ ለሌሎች የሚያሰራጭ ሰው የተሻሻለውን ምንጭ በዚያው ፈቃድ ማቅረብ አለበት። እንግዲህ «ግዴታ የለብህም» ማለት ስሕተት ነው፤ «የገንዘብ ክፍያ የለብህም፤ ለሌላ ስታካፍል ግን የተሰጠህን መብት ለተቀባዩ አትንፈገው» ማለት ይገባል።

«ምንጭ» የሚለው ቃል ለዚህ ጉዳይ የተስማማ ነው። ሁለት አገልግሎቶች ቢኖሩትም የማይጋጩ፣ እንዲያውም የሚረዳዱ ናቸው። የፕሮግራሙ ምንጭ ሠሪዎቹ የጻፉት ጽሑፍ ነው፤ ከዚያ ተሠርቶ የሚወጣው የተዘጋጀው ሶፍትዌር ነው። በቧንቧ ውሃና በምንጭ ውሃ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት መምህር አያስፈልገውም። ቴክስጄንን በዊንዶውስ ላይ የሚፈልግ የተዘጋጀውን ተቀብሎ ይተክላል፤ በሊኑክስ የሚሠራ ግን ብዙ ጊዜ ከምንጩ ተነሥቶ ማነጽ ይኖርበታል። ለዚህ ሁለተኛው ሥራ «ማነጽ» የሚለውን ቃል እናቀርባለን። ማነጽና መትከል በሙያው ሁለት ደረጃዎች ናቸውና በአንድ ቃል ሊጠቀለሉ አይገባም።

7. መጥቀስና ዋቢ ማድረግ

የመጨረሻው ስንክል በጣም የተለሳለሰ ነው። «ሶፍትዌሩን ጥቀስ» የሚለውን የተረዳ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ አንድ ስፍራ ላይ «ቴክስጄንን ተጠቅመናል» ብሎ ይጽፋል፤ ወይም በምስጋናው ገጽ ላይ ያመሰግናል። የታዘዘውንም ፈጽሟል። «ጠቀሰ» በአማርኛ በዐይን ምልክት ከመስጠት አንሥቶ ስምን እስከ ማንሣት ድረስ የሚደርስ ቀላል ግስ ነውና። ጥናቱን የሚያነብ ሌላ ሰው ግን ከዚህ ጥቅሻ የሚያገኘው ነገር የለም።

«ዋቢ» የሚለው ቃል ክብደቱ ሌላ ነው። ዋቢ በባህላችን ዋስ ነው፤ ከሰው ጎን ቆሞ የሚናገርለት ነው። ዋቢ ያለው ሰው ሲጠየቅ «እገሌ ይመልስልኝ» ይላል፤ እገሌም የሚገኝበት ስፍራ የታወቀ ነው። በጥናት ጽሑፍም እንዲሁ ነው። ዋቢ የተደረገ ሶፍትዌር ስሙ፣ ሠሪዎቹ፣ ሥሪቱ፣ ዓመቱና የሚገኝበት ቋሚ መለያ ተጽፎ ሲጠየቅ የሚገኝ ነው። በሽመና አምሳያ ላይ ሥሪቱ ተራ ነገር አይደለም። በአምሳያው ውስጥ ክሮች እርስ በርሳቸው ዘልቀው እንዳይገቡ የሚያደርገው ማረሚያ እየተሻሻለ የመጣ ነውና፣ አንዱ ሥሪት የሰጠውን ቅርጽ ሌላው በትክክል ላይደግመው ይችላል። ሥሪቱ ያልተጻፈ ጥናት ሌላ ሰው ሊደግመው የማይችል ጥናት ነው።

እዚህ ላይ አንድ መደናገር እንዳይፈጠር እናስታውስ። ዋቢ ማድረግን የሚያስገድደው ፈቃዱ አይደለም፤ ፈቃዱ የሚናገረው ስለ ማሰራጨት ነው። ዋቢ ማድረግ የምሁራን ወግ ነው። ይህም ወግ ለሶፍትዌር በደንብ የተደነገገው በቅርቡ ነው፤ ፎርስ11 የተባለው ማኅበር የሶፍትዌር ዋቢ መርሖዎችን እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣ ጊዜ ሶፍትዌር እንደ መጽሐፍና እንደ መጣጥፍ በራሱ ዋቢ ሊሆን እንደሚገባው፣ ለሠሪዎቹም ድርሻቸው እንዲታወቅላቸው፣ የተሠራበትም ሥሪት ተለይቶ እንዲጻፍ አሳስቧል። ቴክስጄንን በተመለከተ ሠሪዎቹ ብራውንና ሎንግ ስለ ሶፍትዌሩ በጻፉት ምዕራፍ ላይ መደገፍ የተለመደ ነው፤ የምዕራፉ የታደሰ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ምዕራፉ ግን ስለ ዘዴው ይናገራል እንጂ ተማሪው በእጁ የያዘውን ሥሪት አይናገርም። ስለዚህ ሁለቱም መጻፍ አለባቸው።

ለኢትዮጵያ ጸሐፊ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ዓመቱ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ አንባቢው በኛ አቆጣጠር ይወስደዋል፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት በአንዲት ምልክት መጉደል ይገባል። ሌላ ጽሑፍ ላይ ይህ የሚታረም ነው፤ የሥሪትን ዘመን በሚያመለክት ዋቢ ላይ ግን ሌላ ሶፍትዌር ማመልከት ይሆናል።

አማርኛ «መቅዳት»ን ከ«መኮረጅ» ይለያል። ምንጭ ያልተነገረለት ቅጂ ኩረጃ ነው፤ ምንጩ የተነገረለት ቅጂ ግን ዕውቀት ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ዋቢ ነው። ይህን የሚያስተምር ቃል በቋንቋችን ውስጥ እያለ «ጥቀስ» በሚለው መርካት አይገባንም።

8. ስለ ተቃውሞዎች

አንዳንድ አንባቢያን «ሕዝብ <ጫን>ን ለምዷል፤ አሁን መለወጥ አይቻልም» ይሉ ይሆናል። እውነት አላቸው። በስልክ ላይ ያለውን «ጫን» እንንቀለው አላልንም። ያልነው ስለ ሙያ ጽሑፍ ነው፤ የሙያ ቃል ከዕለት ንግግር መለየቱ በየቋንቋው የታወቀ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ዳውንሎድ፣ ኢንስቶል ብለን ብንተውስ?» ይላሉ። በንግግር የምንሰማውም ይህን ነው። እኛ በውሰት ቃል ላይ ጦር አንመዝም፤ «ሶፍትዌር»ን ራሱን ተውሰን በዚህ ጽሑፍ ሁሉ ተጠቅመንበታል። እንዲያውም የሚያደናግር ነባር ቃል ከማያደናግር የውሰት ቃል የባሰ መሆኑን እናምናለን። «ኢንስቶል አድርግ» ያለው መምህር ተማሪውን አላሳሳተም፤ «ዳግም ጫን» ያለው ግን ሊያሳስት ይችላል። ይሁን እንጂ «ተከላ» በፋብሪካው ደጃፍ እየተነገረ ሳለ የውሰት ቃል ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም።

ሂሱ እኛንም ይመለከታል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1989 ዓ.ም. ያሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን «ክፍት ምንጭ» የሚለው አስተሳሰብ በዓለም ከመሰየሙ በፊት የወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ቃል የሰየሙት በአብዛኛው የባሕር ማዶ ኩባንያዎች ገጽታ ተርጓሚዎች ናቸው። የቃላት ባለሙያ ባልተገኘበት ተርጓሚው ብቻውን ቢሳሳት ወቀሳው ለተርጓሚው ብቻ አይደለም።

9. የቀረቡ ቃላት

ለውይይት የምናቀርባቸው ከዚህ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. ማውረድ፦ ከድረ ገጽ ወደ ራስ ኮምፒዩተር ማምጣት።
ለ. መቅዳት፦ ከአንድ ኮምፒዩተር ወይም ፍላሽ ወደ ሌላ ማስተላለፍ፤ ውጤቱ ቅጂ።
ሐ. ማነጽ፦ ከምንጭ ጽሑፍ ተነሥቶ ሥራ ላይ የሚውል ሶፍትዌር ማዘጋጀት።
መ. መትከል፣ ተከላ፦ ሶፍትዌርን በኮምፒዩተር ላይ አዋቅሮ ለሥራ ማብቃት፤ ተቃራኒው መንቀል፣ ነቀላ።
ሠ. መጫን፦ ገጽን ወይም ፋይልን ወደ መስኮት ማምጣት።
ረ. ነጻ ሶፍትዌር፦ የመጠቀም፣ የመመርመር፣ የማሻሻልና የማካፈል መብት ያለበት፤ «በነጻ የሚገኝ» ከሚለው ይለያል።
ሰ. አምሳያ፦ የአንድ ነገር ቅርጽና ጠባይ በስሌት የተመሰለበት።
ሸ. ዋቢ ማድረግ፦ ስምን፣ ሠሪን፣ ሥሪትን፣ ዓመትንና ቋሚ መለያን አሟልቶ መጻፍ።

በእነዚህ ቃላት የመፈተኛው ምንባብ እንዲህ ይስተካከላል። ትእዛዙም ለወንድ ብቻ እንዳይሆን ያለ ተሳቢ ሰው ተጽፏል፦

«ቴክስጄን ከድረ ገጹ ይወርዳል፤ ወይም ሥሪቱ ከታወቀ ቅጂ ይቀዳል። ቀጥሎ ይተከላል፤ ካልሠራ ተነቅሎ ከፓይተን ሥሪት ጋራ መስማማቱ ከተረጋገጠ በኋላ እንደገና ይተከላል። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፤ ክፍያ አይጠየቅበትም፤ አሻሽሎ የሚያሰራጭ ግን ምንጩን በዚያው ፈቃድ ያቀርባል። የድርና የማግ ብዛት ገብቶ አምሳያው ይሠራል። በጽሑፍም ውስጥ ከነሥሪቱ ዋቢ ይደረጋል።»

ምንባቡ ረዝሟል፤ ነገር ግን የሚያሰናክል ነገር አልቀረበትም ብለን እንገምታለን። ግምታችን ትክክል መሆኑን የሚወስኑት ምንባቡን ይዘው ኮምፒዩተር ፊት የሚቀመጡት ተማሪዎችና በመወርወሪያው ፊት የሚቀመጡት ሸማኔዎች ናቸው። ከእነርሱ የሚደርሰንን እርማት ከራሳችን ኀሳብ አስቀድመን እንቀበላለን።